አማናው ሁለት ጫፍ አለው

ለትምህርት ባሕር ማዶ የሄደ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሳይመለስ ሲቀር በየመንደሩ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል። አንዱ ወገን «ያስተማረውን ወገን የካደ» ይለዋል። ሌላው ወገን «እሰይ፣ አመለጠ! ተመልሶስ ምን ሊያገኝ?» ይላል። ሁለቱም ፍርዶች የሚሰጡት ልጁ በሌለበት፣ ቡና እየተጠጣ ነው። ሁለቱም ደግሞ መቅደም የሚገባውን ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ። ወደ ባዕድ ከተማ ተልኮ የሚማር ሰው የማን ባለዕዳ ነው? ዕዳውስ በምን ይከፈላል? የላከው ወገን በበኩሉ ለተማሪው ያለበት ግዴታ የለምን?

ይህ ጥያቄ የጥቂት ዕድለኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን «ውጭ ተምሮ መጣ» ሲባል አውሮፓ፣ አሜሪካ ወይም ሶቪየት ኅብረት ማለት ነበር። ዛሬ ግን የገጠሩ ልጅ ሳይቀር የእስያን ከተሞች ስም ያውቃል። የኢትዮጵያ ልጆች በቤጂንግና በውሃን፣ በደልሂና በሃይደራባድ፣ በኳላ ላምፑርና በአንካራ ተምረዋል። በንጉሡና በደርግ ዘመን ሕንዳውያን መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። ዛሬ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህሮቻችን ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ ይሄዳሉ። የሃይማኖት ዕውቀት የሚሹት እ.ኤ.አ. በ1961 ወደተቋቋመው የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1983 ወደተመሠረተው የማሌዥያ ዓለም አቀፍ ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ሄደዋል።

ስለዚህ ጉዞ ሲነሣ ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምንጠቅሰው ዕውቀትን እስከ ቻይናም ቢሆን ተጉዞ መፈለግን ያዝዛል የሚባለውን ሐዲስ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ግን የዚህን ንግግር ሰነድ መርምረው አልተቀበሉትም። ኢብኑል ጀውዚ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም የተፈጠሩ ናቸው ያሏቸውን ንግግሮች በሰበሰቡበት መጽሐፋቸው ውስጥ አካተውታል። ዕውቀትን መፈለግ በእያንዳንዱ ሙስሊም ላይ ግዴታ መሆኑን የሚያስተምረው ሐዲስ ግን በዑለሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመን ለክርክር አይደለም። ሃይማኖታችን ያዘዘው መማርን እንጂ ሩቅ መሄድን አለመሆኑን እንድናስተውል ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ብቻ ጉዞው ምግባር አይሆንም። ጉዞውን ምግባር የሚያደርገው የተሄደለት ነገርና የተሄደለት ሰው ነው።

ይህንንም ቁርአን በሱረቱ ተውባ 122ኛ አንቀጽ ላይ በግልጽ ያመለክታል። የአንቀጹ መልእክት ምእመናን ሁሉ በአንድ ጊዜ መውጣት እንደሌለባቸው፣ ከየወገኑ ግን ጥቂቶች ሃይማኖትን ጠንቅቀው ተምረው ወገኖቻቸውን ማስጠንቀቅ እንዳለባቸው ነው። ሙፈሲሮች በአንድ ነጥብ ላይ ተለያይተዋል። ከፊሎቹ የሚማሩት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወጡት ናቸው ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ የሚማሩት ሌላው ሲዘምት ከነቢዩ ጋር የሚቀሩት ናቸው ብለዋል። በሁለቱም አተረጓጎም ግን አንድ ነገር አይለወጥም። የተማረው የተማረው ላልተማረው ወገኑ ነው። የሄደውና የቀረው የሚገናኙበት ቀን ከመጀመሪያውኑ የጉዞው አካል ነው።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከተማሪ ጋር የቆየ ትውውቅ ያላቸው አገሮች ናቸው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ ከየአቅጣጫው የቆሎ ተማሪ ሲጎርፍባት ኖሯል። እነዚህ ልጆች ለአካባቢው ባዕድ ነበሩ። ሆኖም ገበሬው ከማሳው ላይ ካገኘው ቆርሶ አብልቷቸዋል። በእኛም በሙስሊሞች ዘንድ ወደ ዳናና ወደ ገታ፣ ወደ ሌሎቹም የወሎ ሐሪማዎች ኪታብ ይዞ የሄደውን ደረሳ ያኖረው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ለደረሳውም ሆነ ለቆሎ ተማሪው ያበላ ገበሬ ውል አላስፈረመም። የሰጠው ቁራሽ ተመልሶ ወደ እሱ ቤት እንደማይመጣ ያውቃል። ነገር ግን ልጁ የተማረውን አንድ ቦታ፣ ለአንድ ሕዝብ እንደሚያደርስ ያምን ነበር። ዕውቀት በዚህ ዓይን ሲታይ የግል ንብረት ሳይሆን አደራ ነው። በዲናችን ቋንቋ አማና እንለዋለን።

እንግዲህ ነገሩን ወደ መሬት ለማውረድ አንድ የመካነ ኢየሱስ ልጅ እንውሰድ። ስም አንሰጠውም፤ እንዲህ ያለ ልጅ በብዙ ቤት አለና። መካነ ኢየሱስ የእስቴ ወረዳ ከተማ ናት። ልጁ በዚያ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ፣ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ረዳት መምህር ሆኖ ተቀጠረ እንበል። ከዚያም የቻይና መንግሥት የትምህርት ዕድል ደረሰው። ለዚህ ደረጃ ለመብቃቱ ስንት እጅ አለበት? አባቱ በሬ ሸጦ የዩኒፎርምና የቤት ኪራይ ከፍሏል። ታላቅ እኅቱ ውኃ ለመቅዳትና ታናናሾቿን ለማሳደግ ስትል ከስድስተኛ ክፍል ቀርታለች። መምህሩ ከመደበኛ ሰዓት ውጪ አስጠንቶታል። ስሙን የማያውቀው ገበሬ በከፈለው ግብር የዩኒቨርሲቲው ቀለብ ተሸፍኗል። በመጨረሻም የሥራ ባልደረባው «ዋስ እሆነዋለሁ» ብሎ ፈርሟል። መንግሥት መምህራንን ለትምህርት ሲልክ ተምረው ተመልሰው ለተወሰኑ ዓመታት እንዲያገለግሉ ውል ማስፈረምና ዋስ መጠየቅ የተለመደ አሠራር ነውና።

ይህን መዝገብ በጥሞና የተመለከተ ሰው «አገሬ ምን አደረገችልኝ?» የሚለው አነጋገር ከየት ላይ እንደሚሳሳት ያያል። ተናጋሪው አገር ሲል ብዙውን ጊዜ መንግሥት ማለቱ ነው። መንግሥት ሊበድል ይችላል፤ ሹመኛም ሊያንገላታ ይችላል። እኅቱ ግን አልበደለችውም። ዋሱም አላንገላታውም። የመንግሥትን በደል ቆጥሮ የእኅቱን ዕዳ መሰረዝ፣ ከአንዱ ሰው የተበደሩትን ሌላው ሰው ስላስቀየመን አንከፍልም ማለት ነው።

ሌላው የመዝገቡ ገጽ ደግሞ ባዕዱ ከተማ ራሱ ነው። እዚህ ያለን ሰዎች የልጁን ሕይወት የምናውቀው በስልክ ከሚልከው ፎቶግራፍ ነው፤ ከጀርባው ሰማይ ጠቀስ ፎቅና ፈጣን ባቡር ይታያል። ከፎቶግራፉ ውጪ ያለው ግን ሌላ ነው። በቻይንኛ የሚሰጥ ትምህርት የሚከታተል ተማሪ በቅድሚያ አንድ ዓመት ያህል ቋንቋ ይማራል። በአገሩ መምህር የነበረ ሰው እንደ ሕፃን «ይህ ብዕር ነው፣ ያ ወንበር ነው» እያለ ይጀምራል። የአዛን ድምፅ አይሰማም። የጁምዓ ሰላት ሰዓት ከክፍለ ጊዜ ጋር ይጋጭበታል። ረመዳን ሲገባ በመኝታ ክፍሉ ብቻውን በስልክ ማንቂያ ይነሣና ይሰሑራል። ሥጋ ለመብላት ሲፈልግ ሐላል መሆኑን የሚያመለክተውን «ቺንግ ጀን» የሚለውን የቻይንኛ ጽሕፈት በየምግብ ቤቱ በር ላይ መፈለግን ይለምዳል።

የከተማዋ ስም እንኳ ጥያቄ ያስነሣበታል። የስሙን ትርጉም የጠየቀው ሰው «አንተ ሙስሊም ነኝ ትላለህ፤ ከተማህ ግን የኢየሱስ ቦታ ትባላለች» ሲለው ስለ ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) ያለንን እምነት፣ ስለ መርየም (ዐ.ሰ) በስሟ የተሰየመ ሱራ መኖሩን፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበያ ውለው በአንድ እድር የሚቀባበሩበትን አገር ማስረዳት ይኖርበታል። እቤቱ ሳለ ማንም ያልጠየቀውን ነገር በባዕድ አገር ተጠይቆ ያስባል። ባዕድነት ሰውን ስለ ራሱ ያስተምረዋልና።

ብቸኝነቱም ቀላል አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓለምን የዞረው ሞሮኳዊው ኢብኑ በጡጣ የቻይናን ሥልጣኔ እያደነቀ ልቡ ግን በዚያ አገር እንዳላረፈ፣ ሙስሊም ሲያገኝ ዘመዱን ያገኘ ያህል ደስ ይለው እንደነበር በጉዞ ታሪኩ ተርኳል። በዚያው በቻይና ከትውልድ አገሩ ጎረቤት ከሴውታ የመጣ ሰው አግኝቶ ሁለቱም ተላቅሰዋል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የዚያን ሰው ወንድም በሰሐራ በረሃ ጫፍ በሲጂልማሳ አግኝቶታል። ዛሬም በቤጂንግ እ.ኤ.አ. በ996 እንደተሠራ በሚነገርለት የኒው ጄ መስጊድ ለጁምዓ የሚሰለፍ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ ከጎኑ ያለውን ሰው ቋንቋ ባይሰማም «አሚን» ሲል አብሮት ይላል። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ባዕድ ሆኖ ላልኖረ ሰው ብቻ ነው።

የባዕድ ከተማ ትልቁ ፈተና ግን ብርዱም፣ ምግቡም፣ ቋንቋውም አይደለም። ማንም የማያውቅህ መሆኑ ነው። መንደር ዘበኛ ነው። በመካነ ኢየሱስ ገበያ አንድ ወጣት ቢሰክር ወይም ሰላቱን ቢተው ከማታው በፊት አባቱ ይሰማል። በአሥር ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ ግን ማን ይሰማል? ኢሕሳን ማለት አላህን እንደሚያዩት ሆኖ መገዛት፣ እኛ ባናየው እርሱ እንደሚያየን ማወቅ መሆኑን በጂብሪል ሐዲስ ተምረናል። ይህን ትምህርት መንደራችን ውስጥ ሆነን በቃል እናጠናዋለን። ባዕዱ ከተማ ግን ይፈትነናል። የመንደሩ ዓይን ሲነሣ የቀረው ሃይማኖት፣ እሱ በእርግጥ የእኛ የነበረው ሃይማኖት ነው።

ለአስተናጋጁ አገርም ያለው አማና ከዚሁ አይለይም። ሕንድ የሚማር ኢትዮጵያዊ በዚያች ምድር ላይ የሐበሻ አሻራ ያገኛል። መሊክ አምበር እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ የተወለደ፣ በልጅነቱ ተሸጦ ባሕር የተሻገረ ሰው ነበር። በደቡብ ሕንድ ደካን የአሕመድነጋር መንግሥት ጠቅላይ ገዥ እስከ መሆን ደረሰ፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማም እ.ኤ.አ. በ1610 ቆረቆረ። ውኃ ከሩቅ በቦይ አስገብቶላታል። እ.ኤ.አ. በ1626 በዚያው ምድር ሞተ። ይህ ሰው የሄደው በነፃ የትምህርት ዕድል ሳይሆን በሰንሰለት ነበር። ለዚያ ሕዝብ አንዳች የሚመልሰው ዕዳ አልነበረበትም። ግን ለኖረበት ከተማ ውኃ ሰጠ። በሰላም ተጋብዞ፣ ቀለብና መኝታ ተሰጥቶት የሚማር ሰው ለአስተናጋጁ ቢያንስ እውነተኝነትን፣ ሕግ አክባሪነትንና ምስጋናን እንዴት ይነፍጋል?

እስካሁን የተማሪውን ጫፍ ይዘን ነበር። አሁን ሌላውን ጫፍ እንያዝ።

ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቻይናዋ ውሃን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጋች። 11 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ እስከ መጋቢት 30 ድረስ፣ ለ76 ቀናት ተዘግታ ቆየች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በውስጧ ነበሩ። ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ግብፅ ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን ሲያወጡ የእኛ ልጆች በየመኝታ ክፍላቸው ቀሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሌሎች የቻይና ከተሞች መብረሩን አላቋረጠም ነበርና በዚህ ጉዳይ በአገር ቤት ብዙ ክርክር ተነሥቷል።

ከኢስላም አንጻር ሲታይ ነገሩ ጥንቃቄ ይሻል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳንገባ፣ ባለንበት ከተነሣም ሸሽተን እንዳንወጣ ያስተምራል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከምትባል ቦታ ላይ የወረርሽኙን ወሬ ሰምተው የተመለሱት በዚህ መሠረት ነው። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን? ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄዳቸው እንደሆነ መልሰውላቸዋል። እንግዲህ በውሃን የቀሩት ተማሪዎች አውቀውትም ይሁን ሳያውቁት ይህን ሥርዓት ፈጽመዋል። የእነርሱ በቦታቸው መቆየት ለእናቶቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው ጥበቃ ሊሆን ይችላል።

የታሪኩ ቀሪ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ መዲና ተመልሰው ሻም ያሉትን አልረሷቸውም። አቡ ዑበይዳን ከወረርሽኙ ለማውጣት ሲሉ ለጉዳይ እንደሚፈልጓቸው አስመስለው በደብዳቤ ጠሯቸው። አቡ ዑበይዳ ነገሩ ገብቷቸው ከሠራዊታቸው ተለይተው መውጣትን አልፈለጉም። የታሪክ ጸሐፍት እንደዘገቡት ያን ጊዜ ዑመር ሕዝቡን ከረግረጋማው መሬት ወደ ከፍታውና አየሩ ወደ ተሻለው ስፍራ እንዲያወጡት አዘዙ። መሪው ሰዎቹን ማስመጣት ባይችል እንኳ አለመርሳት ግን ይችላል። በቦታህ ቆይ ማለት አንድ ነገር ነው። በቦታህ ብትቆይም ባትቆይም ግድ የለኝም ማለት ሌላ ነው። ከተማሪው ታማኝነትን የሚጠይቅ ላኪ፣ በጨለማው ቀን ስልክ የሚያነሣ፣ ስም ዝርዝር የሚይዝ፣ ስንቅ የሚያደርስ መሆን ይገባዋል።

የላኪው ዕዳ የመንግሥት ብቻ አይደለም። የእኛም የቤተሰቡና የመንደሩ ነው። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ተመን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወር 2500፣ ለሁለተኛ ዲግሪ 3000፣ ለሦስተኛ ዲግሪ 3500 ዩዋን ይሰጥ ነበር። ይህ ገንዘብ በብር ሲመነዘር ብዙ ይመስላል። በትልቅ ከተማ ለሚኖር ሰው ግን ከወር ወር የሚያደርስ ቀለብ ነው። እኛ ግን ልጁ አውሮፕላን በተሳፈረ በሦስተኛው ወር ለአጎቱ ልጅ ሰርግ፣ ለጎረቤት ስልክ፣ ለቤት ቆርቆሮ እንጠይቀዋለን። እሱም «የለኝም» ማለት አፍሮ ምሳውን ይተዋል፤ ትምህርቱን አስቀምጦ የጉልበት ሥራ ይፈልጋል፤ ወይም «ደኅና ነኝ፣ ሁሉ ሙሉ ነው» እያለ ይዋሻል። ከዚያ በኋላ ውሸቱ ዕዳ ይሆንበታል። ሲመለስ ባዶ እጁን እንዳይታይ ፈርቶ መመለሱን ያራዝማል። የማይመለሱ ልጆች ሁሉ የሚቀሩት በጥጋብ አይደለም። አንዳንዱን ያስቀረው የእኛው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። ተማሪው እንዲህ ቢለንስ? «የተማርኩበት መሣሪያ በአገሬ ቤተ ሙከራ ውስጥ የለም። ደሞዙ ቤተሰብ አያስተዳድርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አገሬ ጦርነት ላይ ነች።» ይህ ፈጠራ አይደለም። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. የተነሣው ግጭት ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማስታወጅ ደርሷል። ደቡብ ጎንደርም ከመከራው አላመለጠም። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ወደዚህ ተመለስ ብሎ ማስገደድ ይገባልን?

አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም፤ ይህ የሱረቱል በቀራ መዝጊያ ትምህርት ነው። ስለዚህ ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅበትን ሰው መመለስህ ግዴታ ነው የማለት ድፍረት የለንም። ነገር ግን ችግር አንድን ግዴታ ሲያነሣ ሌሎቹን ሁሉ አብሮ አያነሣም። ዕዳዎቹን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የውልና የዋስ ዕዳ ነው። በፊቅህ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ዋስ የሆነ ሰው ባለዕዳው ሳይከፍል ቢቀር ይጠየቃል። ተማሪው ሲቀር ደሞዙ የሚቆረጥበት ያ «እሆነዋለሁ» ብሎ የፈረመ ባልደረባው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ባለበት ሰው ጀናዛ ላይ ከመስገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ሲወስዱ እንደሰገዱ በቡኻሪ ተዘግቧል። ሸሂድ እንኳ ኃጢአቱ ሁሉ ሲማርለት ዕዳው እንደማይማርለት በሙስሊም ተዘግቧል። ስለዚህ የማይመለስ ሰው ምክንያቱ ምንም ያህል እውነት ቢሆን፣ በውሉ ላይ ያለውን ገንዘብ ከፍሎ ዋሱን ነፃ ማውጣት ግዴታው ነው። ጦርነቱ የዋሱን ልጆች እንጀራ ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም።

ሁለተኛው የወላጅና የእኅት ዕዳ ነው። ይህ በገንዘብ ብቻ አይከፈልም። በእውነት ይከፈላል። «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» እያሉ አሥር ዓመት እናትን በር በር ማስመልከት በደል ነው። የማይመጣ ከሆነ አልመጣም ማለት ይሻላል። እናት ቁርጡን ስታውቅ ታለቅሳለች፤ ሳታውቅ ግን ስትጠብቅ ትሞታለች። ከስድስተኛ ክፍል የቀረችው እኅት ልጆች ካሏት ደግሞ የእነርሱን ትምህርት መርዳት ከማንኛውም ስጦታ ይልቅ ለዕዳው የቀረበ ክፍያ ነው።

ሦስተኛው የዕውቀት ዕዳ ነው። የእስቴ ገበሬ የሚፈልገው የልጁን ዲግሪ ሳይሆን ድንቹን የሚያበላሸውን በሽታ የሚያውቅለት ሰው ነው። የሚፈልገው የሚወልዱ ሴቶችን የሚያድን፣ ድልድይ የሚሠራ፣ ልጁን የሚያስተምር ሰው ነው። ይህ ዕውቀት በአካል ቢመጣ ይመረጣል። በአካል መምጣት ካልቻለ ግን በሌላ መንገድ ሊመጣ ይችላል። አንድ የሙያ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መመለስ፣ የአገር ቤት ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ በርቀት ማማከር፣ ከታች ላለው ልጅ የትምህርት ዕድል እንዴት እንደሚጠየቅ ማሳየት የማይችል ምሁር የለም። ይህን እንኳ ያላደረገ ሰው ለወገኑ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ተረት ሆነ ማለት ነው።

ሁለቱም ጫፎች ተይዘው የታዩበት ታሪክ ደግሞ ከእኛው ምድር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ የመጡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ የማይበድል ንጉሥ መኖሩን ነግረዋቸው ነው። በእንግድነታቸው ጊዜ ታማኝ ነበሩ። በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣበት ጊዜ ለአስተናጋጃቸው ድል አላህን ለምነዋል፤ ወሬ ለማምጣትም ወጣቱ ዙበይር (ረ.ዐ) በአቁማዳ ተንሳፎ ወንዝ ተሻግሯል። ይህ የተላኪው ጫፍ ነው። የላኪው ጫፍስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከ13 ዓመታት ያህል በኋላም አልረሷቸውም። ወደ ነጃሺ መልክተኛ ልከው አስመጧቸው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ በጀልባ ሲደርሱ የኸይበር ዘመቻ አልቆ ነበር፤ ቢሆንም ከምርኮው ድርሻ ሰጧቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ለአስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) በሂጅራ ቀድመናችኋል ባሏቸው ጊዜ አስማ ተቆጥተው አቤት አሉ። ነቢዩም የጀልባዎቹ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ተናገሩ። በሩቅ የቆየው ሰው ዘግይቶ በመምጣቱ አልተናቀም።

በሐበሻ ምድር የተወለደችውንና ገና ሕፃን ሳለች የተመለሰችውን ኡሙ ኻሊድን ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ልብስ አልብሰው፣ እንዴት እንዳማረባት ሲነግሯት በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው በዚህች ቃል ውስጥ «ሠናይ»ን ይሰማል። ከባዕድ አገር የመጣችውን ልጅ የባዕዱን ቋንቋ ጥለሽ ነይ አላሏትም። ይዛ የመጣችውን ቋንቋ ራሳቸው ተናገሩላት። እኛ ግን ተመልሶ የመጣውን ምሁር «ይሄ ደግሞ ቻይና ሆኖ መጣ» ብለን እንስቅበታለን፤ ያወቀውን ሲነግረን «እዚህ አይሠራም» ብለን አፉን እናስይዘዋለን። ከዚያም «ለምን አልተመለሱም?» እንላለን።

እንግዲህ ፍርዱ ከሁለቱ የቡና ላይ ፍርዶች የተለየ ነው። የሄደው ልጅ ከሃዲ ነው ወይስ ብልህ ነው ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። ዕዳውን ለይቶ ያውቃልን? ባለበት ቦታ ሆኖ ይከፍላልን? እኛስ የእኛን ጫፍ ይዘናልን? ብሎ መጠየቅ ነው የሚበጀው። ሁለቱ ጫፎች ሲላሉ ደግሞ «እነሱ ስለለቀቁት እኔም ለቀቅሁት» ማለት ለማንም አይፈቀድም። አማናን ላመነህ መልስ፣ የከዳህንም አትክዳ የሚል ትርጉም ያለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቦ ይገኛል። አገሩ የረሳችው ተማሪ ዋሱን አይርሳ። ልጁ የረሳው መንደርም በሩን አይዝጋ።

አላህ (ሱ.ወ) በየባዕዱ ከተማ ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። የተማሩትን የሚጠቅም ዕውቀት ያድርግላቸው። እኛንም አማናን ከሚያደርሱት ባሮቹ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።